ስሜ የተጻፈበት ጆንያ

የሆነው ባለፈው ፋሲካ ሰሞን፣ የካ ውስጥ ከእንጦጦ ግርጌ በምኖርበት ሰፈር ነው። ሰፈርተኛው እስከ ዛሬ የእኔን ጀግንነት ያወራል። እኔ ደግሞ ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር መግቢያ አጣለሁ። ለማያውቁኝ ሰዎች ብጽፈው ሳይሻል አይቀርም።

ወሰን የሚባለው ሰፈር ሱቅ አለኝ። ጨው እሸጣለሁ፤ በዓል ሲመጣ ደግሞ የበግ ቆዳ እሰበስባለሁ። ድሮ ለአንድ ቆዳ ሦስት ነጋዴ በር ላይ ይጣላ ነበር። አሁን ፈላጊ የለውም። ሰዉ "ውሰድልኝ" ብሎ ይለማመጥሃል፣ እምቢ ስትለው ወንዝ ውስጥ ይወረውረዋል።

የእኛ ሰፈር ሰው ይኸው ነው። በጉን የሚገዛው ጥርሱን ፈልቅቆ፣ ላቱን ጨብጦ፣ ሻጩን አስለቅሶ ነው። ቆዳውን ግን የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ከድልድዩ ላይ አሽቀንጥሮ፣ አፍንጫውን ይዞ "ይሄ ወንዝ እኮ ሸተተ!" ይላል። ጅብ ከእንጦጦ ጫካ ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ ደግሞ ሁሉም ይገረማል።

በዓሉ ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ ገና ሲነጋጋ ጩኸት ሰማሁ። እማማ ዲንቄ ናቸው። ሰፈሩ ገና እርሻ ሳለ ጀምሮ ወንዙ ዳር የሚኖሩ ሴት ናቸው። አንዲት ላም አለቻቸው፤ የሚኖሩት የእሷን ወተት ሸጠው ነው። ላሟ ደንብራ፣ ገመዷን በጥሳ፣ ወንዙ ውስጥ ገብታ ጭቃው ይዟታል። ከእሷ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ ጅብ ቆዳ ይቆረጥማል። ቆዳው ሲያልቅ ወዴት እንደሚዞር ለማንም ግልጽ ነበር።

ድልድዩ ላይ ወንድ ሞልቷል። የእድሩ ሊቀመንበር ከዘራቸውን እየነቀነቁ "ቆይ መንግሥት ምን እየሠራ ነው?" ይላሉ። ወታደር ነበርኩ የሚለው ጎረቤቴ "መሣሪያዬ ቢኖር ኖሮ!" ይላል። አንዱ በስልኩ ይቀርጻል።

"እማማ፣ ትንሽ ወደ ግራ ይበሉልኝ፣ ጅቡን ጋረዱት" አላቸው፣ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆመው የሚጮኹትን እማማ ዲንቄን።

"ሱሪያችሁን ለላሟ ብታለብሷት ይሻል ነበር!" ብለው ነጠላቸውን አሸርጠው፣ ዱላቸውን ይዘው ብቻቸውን ወረዱ።

እኔም ተከትዬ ወረድኩ። ከላይ "አይዞህ ጀግናው!" ይሉኛል።

እውነቱ እንዲህ ነው። ጅቡ ቆዳውን የሚጎትተው ከጆንያ ውስጥ ነበር። ጆንያው የእኔ ነው። ቆዳ የሚረከበኝ ነጋዴ አልፈልግም ሲለኝ፣ በዋዜማው ማታ ሰው ሳያየኝ ከእማማ ዲንቄ አጥር ጀርባ ወንዙ ውስጥ የጣልኩት ነው። እኛ ቆዳ ነጋዴዎች ተረካቢው ጋ እንዳይቀላቀልብን ጆንያችን ላይ ስማችንን በቀለም እንጽፋለን። የእኔ ደግሞ ከሁሉ ጎላ ያለ ነው። የወረድኩት ያ የሚቀርጸው ሰው ስልኩን ወደዚያ ሳያዞር ጆንያውን ልገለብጥ ነው።

ድንጋይ ወረወርኩ። ጅቡ ቀና ብሎ አየኝ፣ አንድ ቆዳ በአፉ ይዞ ምንም ሳይቸኩል ወደ ላይ ሄደ። እማማ ዲንቄ ላሟን በኦሮምኛ እያባበሉ ቀንዷን ይጎትታሉ። እኔ በቀጥታ ወደ ጆንያው። ገልብጬው ቀና ስል እያዩኝ ነው።

"ልጄ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እሱ የትም አይሄድብህም። መጀመሪያ ላሟን ግፋልኝ።"

እሳቸው ሳቡ፣ እኔ ከኋላ ገፋሁ፤ ወጣች። እግሯ ተላጠ እንጂ ተረፈች።

ስለ ጆንያው ለማንም አልተናገሩም። በእድር ስብሰባ ሊቀመንበሩ ሲያስጨበጭቡልኝ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። እማማ ዲንቄም አጨበጨቡ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ።

እነዚያን የድልድይ ላይ ወንዶች እስከ ዛሬ እንቃቸዋለሁ። ንቄ ሳልጨርስ ግን ያ ጆንያ ይመጣብኛል። የዚያን ቀን ወንዙ ውስጥ ከወረድን ወንዶች፣ ለምን እንደመጣ ያልደበቀው ጅቡ ብቻ ነው።