ባለቤት የሌለው ላንድሮቨር

ዲላ ማዘጋጃ ቤት ስቀጠር "ከተማ ማስዋብ" ነው የተባልኩት። አበባ የምተክል መስሎኝ ነበር። የጠበቀኝ ግን ሬሳ ማንሳት ነው፤ የመኪና ሬሳ።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ወደ ሞያሌ የሚወርደውና ከሞያሌ የሚወጣው መኪና ሁሉ ነፍሱ የምትወጣው እኛ ከተማ ላይ ነበር። ባለቤቱ ድንጋይ ያስደግፈዋል፤ ጎማውን ይፈታል፤ "ነገ መጥቼ አነሳዋለሁ" ይላል። የዲላ ነገ ረጅም ነው። ዝናባችን ደግሞ አሥራ ሦስቱንም ወር ስለሚዘንብ፣ ሰኞ የቆመ መኪና እሁድ ላይ ሣር ያበቅላል።

አሠራራችን ይሄ ነበር። መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ይወልዳል፤ ንዑሱ እኔን ይልካል። እኔ ማስታወቂያ እለጥፋለሁ፦ "እስከ አርብ ካልተነሳ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ይወገዳል።" አርብ ሲደርስ ገልባጭ መኪናችን ናፍጣ የለውም። ናፍጣ ሲገኝ መጎተቻው ገመድ ተበጥሷል። ገመድ ሲገዛ አለቃው ተቀይሯል። አዲሱ አለቃ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ኮሚቴ ያቋቁማሉ።

ከሁሉም ያደከመኝ ግን መናኸሪያው መግቢያ ላይ የቆመው ላንድሮቨር ነው። ቀለሙ ምን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። በር የለው፣ መስታወት የለው፣ ሞተሩ ተነቅሎ የት እንደደረሰ አይታወቅ። ሞተሩ በነበረበት ቦታ እንሰት በቅሏል፤ ትንሽ ቢታገሡት ኖሮ ቆጮ ይወጣው ነበር። ከወርቃ ገጠር ሲያመላልስ የፈሰሰው ቡና ደግሞ ከወንበሩ ሥር ችግኝ ሆኗል። ይህ ሁሉ ባልከፋ። ግን አውቶቡስ ሲታጠፍ ከጀርባው የሚመጣውን ይጋርዳል። አንድ ቀን ሞተር ብስክሌት ሁለት ተማሪዎችን ለጥቂት ሳታቸው፤ አለቃዬም ጠሩኝና "በቃ፣ ይሄ ነገር ይነሳ!" አሉ።

ማስታወቂያዬን ይዤ ሄድኩ። የምለጥፍበት መስታወት ስለሌለ መሪው ላይ በክር አሰርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ባልፍ፣ አንድ ሽማግሌ መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። የድሮው የገደብና የወርቃ መስመር ሹፌር ናቸው። መንገዱ ጭቃ ብቻ በነበረበት ዘመን በዚችው መኪና ወላድም፣ ሬሳም፣ ሙሽራም የጫኑ ሰው። እዚያች መኪና ውስጥ ተወለድኩ የሚለው ሁሉ ቢሰበሰብ ገደብ ከተማ አትበቃውም።

"ባለቤት የላትም ያለው ማነው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ወረቀቱ ነው።"

"ወረቀቱን ማን ጻፈው?"

"ኮሚቴው።"

"ኮሚቴው ራሱ ባለቤት አለው?"

የዚህን መልስ እስከ ዛሬ እየፈለግሁ ነው።

"ስማ" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ትነሳ በሉኝ፣ እሺ። ከተማዋን አበላሸች በሉኝ፣ እሺ። ባለቤት የላትም ስትሉ ግን እኔን የለህም ማለታችሁ ነው። ይኸው አለሁ።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠዋት ገብተው ማታ ነው የሚወጡት። ምሳቸውን የልጅ ልጃቸው ታመጣላቸዋለች። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘረጋሉ፤ ጣሪያው ከወንፊት ስለማይሻል። የመናኸሪያ ረዳቶች "ጋሼ፣ መቼ ነው የምንነሳው?" እያሉ ይቀልዳሉ። እሳቸው "ስትሞላ!" ይላሉ። እኔ ከእሳቸው ወደ አለቃዬ፣ ከአለቃዬ ወደ እሳቸው ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። አለቃዬ "ሰውዬውን አስወርደህ ጎትት" ይላሉ። ሰውዬው "ከነነፍሴ ጎትቱኝ" ይላሉ። እኔን የሚጎትተኝ ቢገኝ ደስ ባለኝ።

በመጨረሻ ሹፌሩ ወደ አለቃዬ ሽማግሌ ላኩ። በአገራችን ለጋብቻ ሽማግሌ ይላካል፤ ለደም፣ ለድንበር ይላካል። ለላንድሮቨር ሲላክ ግን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሦስት የተከበሩ የጌዴኦ አባቶች በትራቸውን ይዘው አለቃዬ ቢሮ ገቡ። አለቃዬ የመሬት ክርክር መስሏቸው ወንበር አስመጡ።

"ስለ ጎረቤታችን ነው የመጣነው" አሉ ትልቁ።

"ማን የሚባሉ?"

"ላንድሮቨሯ።"

አለቃዬ እኔን አዩኝ፤ እኔ ኮርኒሱን አየሁ። ከዚያ ስለ አውቶቡሱ መታጠፊያ፣ ለጥቂት ስለዳኑት ተማሪዎች አስረዱ። ሽማግሌዎቹ ሰምተው በቋንቋቸው ተመካከሩ።

"ልጆች ከሚሞቱ ትነሳ" አሉ ትልቁ። "ግን ሰው አላት። ሰው ያላት ነገር እንደ ሞተ ውሻ በገመድ አትጎተትም። እሱ ራሱ ይንዳት።"

"አባቶቼ፣ ሞተር እኮ የለውም!"

"ሰው የለም ወይ? ይገፋላ።"

አለቃዬም እንደኔ ደክሟቸው ነበር መሰለኝ፣ "እሺ፣ ግቢያችን ትግባ" አሉ። እንዴት እንደሚሆን ማሰብ የእኔ ድርሻ ሆነ። ከየጋራዡ አራት ጎማ ለመንኩ፤ አራቱም ዘመድ አልነበሩም። ስናስገባቸው መኪናዋ እግሯ የታመመ ላም መሰለች። እንሰቱን ነቅለን ወደ ሹፌሩ ጓሮ ላክን።

የቀጠሮው ቀን ሹፌሩ ጢማቸውን ተላጭተው፣ የድሮ ካኪ ጃኬታቸውን ለብሰው መጡ። ገብተው ተቀመጡ፤ የሌለውን የጎን መስታወት አስተካከሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ረዳት! በሩን ዝጋ።"

"ጋሼ፣ በር እኮ የለም።"

"ዝጋ አልኩህ!"

በመናኸሪያው ሕዝብ ፊት አየሩን ያዝኩና ዘጋሁት። "ጠበቅ አድርገህ" አሉኝ። እንደገና ዘጋሁት። ያን ጊዜ አንዱ የመናኸሪያ ረዳት "ገደብ፣ ገደብ፣ ወርቃ! አንድ ሰው የቀረው!" ብሎ ጮኸ፤ ረዳቱ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ተማሪው ሁሉ ተረባርቦ ገፋ። ሹፌሩ ክላክስ ስለሌላቸው በአፋቸው እየነፉ፣ ለሚያልፉት ሁሉ እጃቸውን እያነሱ ነዷት። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንደሌላት ትዝ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ከኋላ መግፋቱን ትቶ ከኋላ መያዝ ጀመረ፤ ክንዴ በዚያች ቀን አንድ ክንድ ረዝሟል። ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ስትገባ ከቢሮዬ መስኮት ሥር አቆሟትና የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። እጀታው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ጠዋት ጥበቃው በሩ ላይ አስቁሟቸው መጣ። "አንድ አዛውንት መኪናዬን ላያት ነው የመጣሁት ይላሉ። ምን ልበላቸው?"

"ይግቡ" አልኩ። "ባለቤቷ ናቸው።"

በየቀኑ መጡ። ከተማውን ያስዋብነው ቢሯችንን አስቀያሚ አድርገን ነው። ከመስኮቴ ሥር ሆነው ስለ ወርቃ ጭቃ ሲያወሩኝ፣ እኔ ማስታወቂያ ስጽፍ፣ ስንት አለቃ ተቀየረ። ተሰናባቹን አለቃ ሁሉ ደህና ይሁኑ እያልን ደከምን።

ከዚያ አንድ ክረምት መምጣት አቆሙ። አልጋ ይዘዋል አለችኝ የልጅ ልጃቸው፤ መስከረም ሳይጠባ ቀበርናቸው።

ጥቅምት ላይ አዲሱ አለቃ ግቢውን ሲጎበኙ ላንድሮቨሯ ጋ ቆሙ። "ይሄ ባለቤት አለው?"

እኔ ስንት መኪና ባለቤት የለውም ብዬ የጻፍኩ ሰው ነኝ። አንድ ተጨማሪ ቢጻፍ እጄን አያመኝም ነበር።

"አለው፣ ጌታዬ" አልኩ።

"የታለ?"

"ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነው።"

አራት ሰዓት ላይ ሻዬን ይዤ ወረድኩና ገብቼ ተቀመጥኩ። የወንበሩ ሽቦ ወጋኝ። አለቃው በመስኮት ብቅ ሲሉ እጄን አነሳሁላቸው፤ በሩንም ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት።