ከበራሪው ቦምብ ሥር የዋለ መርዶ

የምሠራው ከሲያትል በስተደቡብ ባለ አንድ ትንሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሥራዬ መቆም ነው። ቆሜ የምጠብቀው ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ለንደን ይልኩት የነበረውን በራሪ ቦምብ ነው። ማንም አይሰርቀውም። ከጣሪያው በወፍራም የብረት ገመድ ተንጠልጥሏል፣ ርዝመቱም ከአንድ ሚኒባስ ይበልጣል። እኔ የተቀጠርኩት ጎብኚዎች ከሥሩ ያለውን አጥር እንዳይሻገሩ ነው።

ቦምቡን ላላየ ሰው እንዲህ ነው፤ አጭር ክንፍ ያለው፣ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን፣ ጀርባው ላይ የምድጃ ጭስ ማውጫ የመሰለ ቱቦ የተጫነበት። ሥዕል ገና የጀመረ ሰው የሣለው ይመስላል። አፍንጫው ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮፔለር አለች። ጎብኚዎች ቦምቡን የምታበረው እሷ ትመስላቸዋለች። እሷ ግን ቆጣሪ ናት። ዙሯን ትቆጥራለች፣ የተባለው ቁጥር ሲሞላ ቦምቡ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል፣ ሞተሩም ይጠፋል። የለንደን ሰዎች ይህን ለምደውት ነበር። ሞተሩ እየጮኸ እስከሆነ ድረስ ሰሃናቸውን ያጥባሉ፣ ደብዳቤያቸውን ይጽፋሉ። ድምፁ ሲቆም ጠረጴዛ ሥር ይገባሉ።

አጥሩ ላይ ቀይ ቁልፍ አለ። ሲጫኑት የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፤ ጭስ ማውጫው የተበሳ ሞተር ሳይክል ከሩቅ ሲመጣ ማለት ነው። ይቀርባል፣ ይቀርባል፣ ከአናት በላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ቁርጥ ይላል። በዚያው አበቃ። ፍንዳታ የለውም። ድሮ ነበረው አሉ፤ ሕፃናት እያለቀሱ ወላጆች ስላማረሩ ተቆርጦ ወጣ። ስለዚህ የማይወድቅ ቦምብ ቀኑን ሙሉ ስሰማ እውላለሁ።

ከአዳራሹ ማዶ ደግሞ ጀርመኖች ከበራሪው ቦምብ ቀጥለው ወደ ለንደን የላኩት ሮኬት ሞተርና ጭራ አለ። እሱ ቁልፍ የለውም። ከድምፅ ስለሚፈጥን መጀመሪያ ይፈነዳል፣ የመምጣቱ ድምፅ ከኋላ ይደርሳል። ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ እስረኞች ተራራ ሥር በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ እንደሠሩትና ሮኬቱ ከገደላቸው ይልቅ ሲሠሩት ያለቁት እንደሚበልጡ ይናገራል። ጎብኚዎች ይህን አንብበው “ዋው” ይላሉ፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቃሉ።

የሮኬቱ ጠባቂ እትዬ ናቸው። እትዬ የምላቸው አክብሬያቸው ነው፤ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ነው፣ ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ይኖራሉ፣ ይህንን ሥራም ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። በዲቪ በመጣሁ በሦስተኛው ወር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝተውኝ፣ “መቆም ትችላለህ?” አሉኝ።

“እችላለሁ።”

“በቃ ትቀጠራለህ።”

ግጥም እንደምጽፍ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ “ማንበብና መጻፍ ክልክል ነው። ማሰብ ግን እስካሁን አልከለከሉም” አሉኝ።

ስልክም አዳራሹ ውስጥ ክልክል ነው፤ ሎከር ውስጥ ይቀመጣል። እትዬ ምሳ ሰዓት ላይ ሎከራቸውን ሲከፍቱ ያመለጣቸው ጥሪ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። አፓርታማ የሚፈልግ፣ ሞግዚት የሚፈልግ፣ ባሏ ያኮረፋት፣ ሁሉም ለእሳቸው ነው ኮል የሚያደርገው። በአንድ እጃቸው እየበሉ በሌላው መልስ ይደውላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከደብረ ብርሃን እናታቸው ይደውሉላቸዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ያሳደጉትና ያስተማሩት ታናሽ ወንድም አላቸው፤ ኩላሊቱን ይታመም ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የእድራችን ሊቀመንበር ደወሉልኝ። ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

“አንተ፣ ከእሷ ጋር አይደል የምትሠራው?”

“አዎ ጋሼ።”

“ሶ፣ ስማኝ። ወንድሟ አርፏል። ትናንት። ዛሬም ነገም አርብም ሥራ ናት፣ አይደል? ቅዳሜ ኦፍ ናት። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ሄደን እንነግራታለን። ልጇም ከታኮማ ትመጣለች። እስከዚያ የአንተ ሥራ ፌስቡክ እንዳታይ ማድረግ ነው።”

“እንዴት አድርጌ?”

“አንተ የተማርክ ልጅ አይደለህ እንዴ?”

“አልተማርኩም ጋሼ። ራሴን ነው ያስተማርኩት።”

“እሱም ይሆናል” አሉና ዘጉት።

እትዬ ስልካቸው ፉል ሆኖ ፎቶ አላነሳ እንዳላቸው ሰሞኑን ሲያማርሩ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ “ይስጡኝ፣ ላስተካክልልዎት” አልኳቸው። ፌስቡካቸውን ስከፍተው መጀመሪያ የመጣው የወንድማቸው ፎቶ ነው፣ ከጎኑ የሚነድ ሻማ ተደርጎበት፣ ከሥሩ “ነፍስ ይማር” ተደርድሮበት። ፌስቡኩን ከነጭራሹ አጠፋሁት። “ቦታ የያዘብዎት እሱ ነው” አልኳቸው። መረቁኝ። ከጥብሳቸውም አካፈሉኝ። ጥሩ ጥብስ ነበር።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሎከራቸውን ከፈቱ። ስልኩን አዩት። አገላበጡት። አንድም ያመለጠ ጥሪ አልነበረም።

የሆነው እንዲህ ነው። ጋሼ ሰውን ሁሉ “እንደወትሮው ሁኑ” ብለው አስጠንቅቀዋል። ሰው ሁሉ ደግሞ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ሁሉም፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ መደወሉን ተወው። አንድ ሰው ብቻ ደወለች፤ ቤልቪው የምትኖረው የባላቸው እህት። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከእትዬ ጋር በአንድ ሠርግ ሰበብ ተኳርፈው ስንት ዓመት አልተነጋገሩም። “በልተሻል?” አለቻቸው። በልቻለሁ አሏት። “እውነት በልተሻል?” አለቻቸው። ሦስት ጊዜ ጠየቀቻቸው።

አርብ ዝናብ ነበር። አዳራሹ ባዶ ነው። አንድ ጎብኚ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ፣ ሰምቶ፣ ሄደ። እትዬ ሮኬታቸውን ትተው አዳራሹን ተሻግረው ወደ እኔ መጡ። ቦታ ለቆ መሄድ ክልክል ነው፤ እሳቸው ደግሞ ደንብ አፍርሰው አያውቁም።

“ማን ነው?” አሉኝ።

“ምኑ እትዬ?”

“አንተ ልጅ፣ እዚህ ስቆም አራት ዓመቴ ነው። ይህን ነገር ሲጮኽና ሲቆም ስሰማ ነው የኖርኩት። ስልኬ ከትናንት ጀምሮ ቆሟል። ያቺ ሴትዮ ደግሞ በልተሻል ወይ ትለኛለች። ፌስቡኬንም ያጠፋኸው አንተ ነህ።”

“ቦታ ይዞ…”

“ዝም በል።” ዙሪያቸውን አዩ። “እናቴ ናት ወይስ ወንድሜ?”

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ግጥም ከጀመርኩ ወዲህ፣ ሰው አጥብቆ የሚፈልገው አንድ ቃል አፌ ውስጥ የነበረው ያን ቀን ብቻ ነው።

“ቆይ፣ አትንገረኝ” አሉ። “ብትነግረኝ ጋሼህ ይቀየሙሃል። ደግሞ ወደዚያ ዙር።”

“ለምን?”

“ፊትህ ያወራል።”

ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ያወራነው እኔ ግድግዳውን እያየሁ ነው።

“ለምን እርስዎ አይደውሉም?” አልኳቸው።

“ለማንኛቸው? ከደወልኩ አንዳቸው ሞቱ ማለት ነው። ካልደወልኩ እስከ ነገ ሁለቱም አሉ።”

“ነገ መሆኑን ማን ነገረዎት?”

“ኦፍ የምሆነው መቼ ነው? እኔ ራሴ ለስንት ሰው መርዶ ነግሬያለሁ። የምናረዳውን ሰው ፕሮግራም መጀመሪያ የማጣራው እኔ ነበርኩ።” “ጠዋት ባቡር ላይ ሆኜ ምን እንደተመኘሁ ታውቃለህ?”

“ምን ተመኙ?”

“አይነገርም። አንዳቸውን መርጫለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።”

አንድ ሰውዬ መጥቶ መጸዳጃ ቤቱን ጠየቀ። በቀኝ በኩል መሆኑን በጥሩ እንግሊዝኛ ነግረውት ወደ ሮኬታቸው ተመለሱ። ሥራ እስክንወጣ ድረስ አንዴም ወደ እኔ አላዩም። እኔም ወደ ግድግዳው እንደዞርኩ ነበር፤ ተቆጣጣሪው መጥቶ ምን እንደማይ ጠየቀኝ።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ከአፓርታማቸው ሥር ፓርክ አድርገን ተሰበሰብን። አሥራ አራት ሰዎች ነበርን። ጋሼ በሹክሹክታ ደለደሉን፤ ጉልበት ያላቸው ሴቶች ደግፈው እንዲይዟቸው ከፊት፣ ተናጋሪው ጋሼ መሐል፣ እኔ ውኃ ይዤ ከኋላ። የአንዱ መኪና አላርም ድንገት ጮኸና ሰፈሩን በሙሉ ቀሰቀሰ። ጋሼ ባለመኪናውን እንዴት እንዳዩት አልረሳውም። ደረጃውን በጫማችን ጫፍ ወጣን።

ጋሼ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ተከፈተ። እትዬ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ሶፋዎቹ ግድግዳ ተጠግተዋል፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ከጎረቤት የተዋሷቸው ወንበሮች ተደርድረዋል። ወጥ ቤት ውስጥ በትልቅ ድስት ሻይ ተጥዷል።

“ግቡ” አሉን። “ጫማ አታውልቁ፣ ትበዛላችሁ።”

ገባን። ከፊት የተሰለፉት ሴቶች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “መቼም የሰው ልጅ…” ብለው ጀመሩ።

“ጋሼ፣ እናቴ አለች?”

“አሉ” አሉ ጋሼ።

የእትዬ ፊት በራ። ከኋላ ብሆንም በሰው ትከሻ መሐል አይቼዋለሁ፤ እውነተኛ ደስታ ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ። ከዚያ የቀረው ገባቸው። ሴቶቹ ሊይዟቸው ሲሮጡ ምንጣፉ ላይ ወድቀው ነበር። ደረታቸውን እየመቱ “ደስ አለኝ እኮ! ደስ አለኝ እኮ!” ይሉ ጀመር። ሰዉ ኀዘኑ አእምሯቸውን የነካው መስሎት እየተያየ ራሱን ነቀነቀ። ከታኮማ የመጣችው ልጃቸው “ማም፣ ፕሊስ” እያለች ታቅፋቸዋለች። እኔ ውኃውን ይዤ ቆሜያለሁ። የሚሉትን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለማንም አላስረዳሁም።

ለቅሶው ትንሽ ሲበርድ ጋሼ ጎናቸው ተቀመጡ። “አሁን በርቺና ስሚኝ። እናትሽ አልሰሙም። ልባቸው ደካማ ነው ብለው ቤተሰቦችሽ ደብቀዋቸዋል። ልጅዎ ለሕክምና ህንድ ሄዷል ነው የተባሉት።”

እትዬ ጭንቅላታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ረፋድ ላይ ስልካቸው ጮኸ። እናታቸው ናቸው። ቅዳሜ ነው፤ ካልተነሣ ይጠረጥራሉ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ ቤቱም ጸጥ አለ። እትዬ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠው ስፒከር አደረጉት።

“እማዬ።”

“ልጄ! ድምፅሽ ምን ሆነ?”

“ጉንፋን ይዞኝ ነው።”

“ያ ዝናባችሁ። ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ። ስሚ፣ ወንድምሽ ህንድ ሄደ አሉኝ። ሳይሰናበተኝ!”

“ተቻኩሎ ነው እማዬ።”

“ደወለልሽ ወይ?”

ልጃቸው አፏን በእጇ ያዘች።

“አዎ፣ ደወለ።”

“ምን አለ?”

“ደህና ነኝ አለ። ምግቡ ግን ቅመም በዝቶበታል።”

እናትየው ሳቁ። “የእሱ ሆድ ድሮም አይችልም። ነጭ ሩዝ ስጡኝ ይበላቸው።”

“እነግረዋለሁ።”

“መቼ ይመለሳል?”

“ሐኪሞቹ ገና አልነገሩትም።”

“በይ እንግዲህ፣ ሲደውል እኔም ጋ ይደውል በይው።”

“እሺ እማዬ።”

ስልኩን ዘጉት፣ በፊቱ ደፍተው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሁላችንም እሳቸውን እናያለን፣ ለቅሶውን እንደገና የሚጀምር የለም።

“በሉ” አሉ።