በሐኪሙ ፊት እህት የሆኑኝ እትዬ አማረች

ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም፤ ትንፋሼም ቶሎ ያጥረኛል። ግን ዝም ብል ውለታ በላ እሆናለሁና ታገሡኝ።

የዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ ሹፌር ነኝ። ከወሎ መጥቼ ሐዋሳ አሥራ ሰባት ዓመት ስኖር ቤቴ ገብቶ ውሃ የጠጣ ሰው አልነበረም። ሠራተኛውን ባህል አዳራሽ ፌርማታ ላይ አወርዳለሁ፣ «ደህና እደሩ» እላለሁ፣ ቱላ ወዳለችው ኪራይ ቤቴ እገባለሁ። እግዚአብሔርም ሰውም አያስፈልገኝም እል ነበር።

ከዚያ ትከሻዬ ላይ እብጠት ወጣ። መሪ ከመጠምዘዝ ነው ብዬ ቅባት እቀባው ነበር። ሳል ሲጨመርበት ሆስፒታል ሄድኩ። ራጅ አነሱኝ፣ ከእብጠቱም በመርፌ ናሙና ወሰዱ። የውጤቱ ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን አየና፣ «ከማን ጋር መጣህ?» አለኝ።

«ብቻዬን።»

«ቤተሰብ ቢኖር ጥሩ ነው። ደውልላቸው፤ እጠብቃለሁ።»

ኮሪደር ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩ። ማን ጋ ልደውል? አለቃዬ፣ ጎሚስታው፣ የቤት አከራዬ። ወገኖቼ፣ ያን ሰዓት ያመመኝ እብጠቱ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት፣ «ምን ሆንክ ወንድሜ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ባላቸውን ለማሳከም ከቡሹሎ የመጡ፣ እትዬ አማረች የሚባሉ ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«በል ስምህን ንገረኝና እንግባ፤ እህት የወንድሟን ስም ካላወቀች ሐኪሙ ምን ይለናል?»

ገባን። «እህቱ ነኝ» አሉ።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ነገረን። «ትከሻህ ላይ ያለው እዚያ የጀመረ አይደለም። መነሻው ሳንባህ ነው። ካንሰር ነው፤ ወደ ጡንቻህ ተሠራጭቷል።» ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። መድኃኒቱን፣ ቀጠሮውን፣ ሁሉን የሰሙልኝ እሳቸው ናቸው። ክብር ለጌታ ይሁን።

ቅዳሜ ሾርባ ይዘው ቱላ መጡ። ሊጸልዩልኝ ሲሉ፣ «ጌታ ያድነኛል?» አልኳቸው።

«እሱን አላውቅም ወንድሜ። ባሌንም ገና አላዳነልኝም። ግን ጠርቼው ዝም ብሎኝ አያውቅም።»

ቢዋሹኝ ኖሮ አላምናቸውም ነበር። እዚያው ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። አለቀስኩም።

ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው። እብጠቱ ቀንሷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሐኪሙ ግን ድነሃል አላለኝም፣ እኔም አልላችሁም። የእትዬ አማረች ባል ባለፈው ወር አረፉ፤ አፈር ካለበሷቸው አንዱ እኔ ነኝ። ቤቴ ስገባ ጸጥታው አሁንም አለ። ግን በጸጥታው ውስጥ የማነጋግረው አለኝ፣ ስሙ ይባረክ። ከኋላ ወንበር ብቻህን የተቀመጥክ ወንድሜ፣ ብቻሽን የመጣሽ እህቴ፣ እኔ እስክታመም ድረስ ቆይቼ ነው የጠራሁት። እናንተ አትቆዩ።