የደብዳቤ አንባቢው

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሲያነቡ ኖረዋል። ደብራቸው ከወገዳ ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ልጁ ውትድርና የሄደበትም፣ ለሥራ ሁመራ የወረደበትም ፖስታውን ይዞ የሚመጣው እሳቸው ደጅ ነበር። «የተማረ ይግደለኝ» የሚል አገር ነው፤ ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም ነበር ማለት ውሸት ነው።

አንዳንዱ ደብዳቤ ግን ከሰላምታው በታች «ለእናቱ አይነገር፤ በሽማግሌ ትረዳ» የሚል መስመር ይኖረዋል። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ እንጂ እንዲያው በቁም አይደለም። መሪጌታ እዚያ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይዘሉትና «ደህና ነኝ፣ አታስቡ ይላል» ብለው ወረቀቱን ያጥፉታል። የጎረቤታቸውን የታደለችን ልጅ ሞት እንዲሁ ዘለውታል። ታደለች «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ» ብላ ቶሎ ሄደች። ሲነጋ ሽማግሌ ይዘው ቢደርሱ ግቢዋ ተጠርጎ፣ አግዳሚና በርጩማዋ ሁሉ ውጭ ተደርድሮ አገኙት። ነገሩ ገረማቸው፤ ግን አልጠየቋትም።

በኋላ ሞባይል መጣና ደብዳቤ ቀረ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ያለቻቸው ልጃቸው ብሩክታዊት ብቻ ናት፤ እሷም ባሕር ዳር ሥራ ስትይዝ ስልክ ላከችላቸው። ጆሯቸው ስለከበደ መልእክቱን ትጽፍላቸዋለች። ምን ያደርጋል፣ ስልኩ የኛን ፊደል አያውቅም፤ አማርኛው በፈረንጅ ፊደል ነው የሚመጣው። ግእዙን ከነአገባቡ የሚያወርዱት ሰው የገዛ ልጃቸውን «እንደምን አሉ» ማንበብ አቃታቸው። አፈሩ። ቢሆንም በየገበያው ቀን ወገዳ ወርደው፣ ስልክ ቻርጅ የምታደርገውን የሺን «እስቲ አንብቢልኝ» ይላሉ።

በ2003 ዓ.ም. የካቲት ላይ ብሩክታዊት ታማ ሆስፒታል ገባች። መልእክቱን የምትልከው አብራት የምትኖረው ጽዮን ሆነች። መሪጌታ የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ተሻላት» የሚል ቃል።

«የሺ፣ ዛሬስ ምን ይላል?»

የሺ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። መሐል ላይ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ተሽሏታል ነው የሚለው፣ የኔታ። አያስቡ ብላለች።» ስልኩን አጠፋችው።

«ሌላ የለውም?»

«የለውም።» ቀና ብላ አላየቻቸውም። «ዛሬ... ዛሬ የሚያድሩት ከቤትዎ ነው አይደል?»

ያችን ዝምታ መሪጌታ ያውቋታል፤ ሠላሳ ዓመት ሠርተውባታል። የሺ አሳዘነቻቸው፤ ሌላ ውሸት ሊያስጨምሯት አልፈለጉም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለው ቶሎ ሄዱ።

መንገድ ላይ ሰው «ልጅዎ እንዴት ሆነች?» ሲላቸው «ደህና ናት አሉኝ» ይላሉ። መርዶ ያልተነገረው ሰው አያለቅስም። ማልቀሻቸው ነገ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ።

ታደለች ፊደል አልቆጠረችም። ያን ዕለት ግን ከእሳቸው ፊት ላይ ሁሉንም አንብባ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ያታለሏት መስሏቸው ኖሩ።

ቤታቸው ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መጥረጊያ አነሡና ግቢውን ጠረጉ። አግዳሚው ለአንድ ሰው ስለከበደ እየጎተቱ አወጡት።