ፈተናውን የደፈነችው መምህርት

አንደኛ ክፍል ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። የተማሪዎቿን ስም ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስለምትይዝ ወላጆች «እሷ ዘንድ ልጅ አይጠፋም» ይሏታል። የጡት ካንሰር ታማ፣ ቀዶ ጥገናውንና የኬሞ ሕክምናውን ጨርሳ ወደ ክፍሏ በተመለሰች ሰሞን ግን አንዲት ልጅ ልትጠራ አፏን ከፈተችና ስሟ ጠፋባት።

«አንቺ... እ... አንቺ...»

ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። አብራቸው ሳቀች። በእረፍት ሰዓት በሩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

ለባሏ ነገረችው። ባሏ ሹፌር ነው፤ ሆደ ቡቡ ሰው። «እኔስ ቁልፌን ስንቴ ነው የምረሳው? ዕድሜ ነው እኮ!» አላት። እህቷም ይህንኑ ደገመችላት። ከዚያ ወዲያ የጀመረችው ወሬ መጨረሻው ሲጠፋት፣ የጣደችው ሲያርባት ዝም ማለት ለመደች።

ለክትትል ስትሄድ ሐኪሙ ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጠራት፤ ቃላትም አስደገማት። አንድም አልሳተች። «ደፍነውታል! ጭንቅላትዎ ደህና ነው» አላት። ባሏ «አላልኩሽም?» ብሎ ፈነደቀ። እሷን ግን ከሕክምናው ወዲህ ያልለቀቃት ድካም ባሰባት። ደህና ነሽ የተባለ ሰው ሕመሙን ለማን ይናገራል?

በሚቀጥለው ቀጠሮ አንዲት ነርስ ከባሏ ጋር ወደ ትንሽ ክፍል አስገባቻት። ኬሞ የወሰዱ ሰዎች ስለ ገዛ አእምሯቸው የሚሰማቸውን እየጠየቀች የምትመዘግብ ናት።

«ሰሞኑን ቃል እየጠፋብዎት ተቸግረዋል?»

መምህርቷ ባሏን አየት አደረገችው። «ኧረ በፍጹም።»

«ሐሳብዎን መሰብሰብስ?»

«በፍጹም።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እስቲ ውጭ ይጠብቁን።» በሩ ሲዘጋ ወደ እሷ ዞረች። «እዚህ ወዳቂም አላፊም የለም። እርስዎ የሚሰማዎትን ነው የምፈልገው።»

«ፈተናውን ደፈንሽ ተብያለሁ እኮ!»

«ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ደፈኑ። ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ...» እንባዋ ቀደማት። «ቤት ገብቼ እንደ ሬሳ ተጋደምኩ። ዱሮ ሳላስበው ከአፌ የሚወጣውን ዛሬ እየጎተትኩ ነው የማወጣው። ደክሞኛል፣ እህቴ።»

ነርሷ ጥያቄዎቹን እንደ አዲስ ከላይ ጀምራ መልሶቿን መዘገበች። «ብዙ ሰው ይህንኑ ይለኛል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ለአብዛኛው እየቀለለ ይሄዳል» አለቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሁሉን ነገረችው። ባሏ መሪውን እንደጨበጠ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ነግሬህ ነበር።»



አሁን የምታስተምረው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ የከሰዓቱን ቀንሶላታል። ስም አሁንም ይጠፋባታል፤ ልጆቹን ራሳቸውን ትጠይቃቸዋለች። ቤት ገብታ ጋደም ስትል ባሏ ሬዲዮውን ይዘጋል።