የቀስተኛው እግር

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴና ሦስት ጓደኞቹ በስደት አገር ፌርፋክስ አቬኑ የሚባል ጎዳና አጠገብ በጋራ በተከራዩትና አብረን በምንኖርበት ቤት፣ ለጋሼ ይልማ እራት የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ጋሼ ይልማ ከአራቱ አንዱ ነው። ጋርዴና በሚባል ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ብረት እግሩ ላይ ወድቆበት ቁስሉ አልድን ብሎ መሽተት ሲጀምር፣ ጓደኞቹ፣ አባቴ ጭምር፣ «ለአንተም አየር ይሻልሃል» ብለው አልጋውን ጓሮ ወዳለው ጋራዥ አወጡት። እኔም የሹራቤን አንገት አፍንጫዬ ድረስ ስቤ ነበር የምገባው።

ያኔ እሱ በማሞቂያው ቀይ ብርሃንና በሲጋራው ጭስ መሀል ሆኖ የግሪኩን ቀስተኛ ተረት ይነግረኝ ነበር። ቀስተኛውን እባብ እግሩን ነደፈው፤ ቁስሉ ሲሸት አብረውት ሊዘምቱ የወጡት ጓዶቹ ሰው በሌለበት ደሴት ጥለውት ሄዱ። ከዓመታት በኋላ ያለ እሱ ቀስት እንደማያሸንፉ ሲያውቁ ሊለምኑት ተመለሱ።

«ሰጣቸው?» እላለሁ።

«ገና አልወሰነም» ይለኛል፣ ጥርሱን ነክሶ። እኔ እንዳይሰጣቸው እጸልይ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እራቱን እንዳደረስኩ አባቴና ሁለቱ ጓደኞቹ በሩ ላይ ቆሙ። አገር ቤት የታሰሩ ባልንጀሮቻቸውን የሚያስፈታ አቤቱታ በአማርኛ መተየብ ነበረበት፤ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ያለው ደግሞ ጋሼ ይልማ ብቻ ነው።

«ይልማ፣ ፕሊስ፤ ነገ ሜይል መደረግ አለበት» አለ አባቴ ከደጅ ሆኖ።

«ኦኬ። ግቡና በሩን ዝጉት።»

አልጋው ላይ አስቀመጣቸው። ፋሻውን ቀስ ብሎ ፈትቶ እግሩን ፊታቸው ወንበር ላይ ሰቀለና በአንድ ጣቱ መተየብ ጀመረ። በአስሩም ጣቶቹ እንደ በረዶ ሲያወርደው ስንቴ አይቻለሁ! አባቴ እጁን ወደ አፍንጫው ሲያነሳ፣ ቀና ሳይል «እጅህን አውርድ» አለው። ከጓደኞቹ አንዱ መስኮት ሊከፍት ተነሣ።

«ተቀመጥ፤ ወረቀቱ ይበርብኛል።»

የታሰሩትን ስም ፊደል በፊደል ለቀመው፤ አንድም አልሳተም። አባቴ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ብዙ ቀረ?» አለ።

«እኔ ስምንት ወር ቆይቼበታለሁ።»

ለአባቴ ላዝን ሲገባኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይሄው ነው አልኩ በሆዴ። ወረቀቱን ይዘው ሲወጡ «ቀስተኛውስ ሰጣቸው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ሰጣቸው። መጀመሪያ ግን አስሸተታቸው» አለኝ ፋሻውን እየጠቀለለ። ከዚያ ዘወር ብሎ አየኝ። «አሁን ደግሞ አንቺ ሹራብሽን አውርጂ።»

አወረድኩት። ስለ ይቅርታ ብዙ ተረት ከዚያ ወዲህ ሰምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ ያልወጣው ግን ያ ነው።