ወዳጃ የገባችው ኡሙሰልማ

የምሥራች! ወዳጅ አልነበራትም። ወዳጅ የሚባል ነገር በበሯም አላለፈም፤ ይኸው ተረጋገጠ።

የማን ነገር ነው ትሉ ይሆናል። የአሚናት እናት የኡሙሰልማ ነዋ! ሐይቅ ከተማ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ "ሕፃን ልጇን ጥላ ወዳጅ ተከትላ ጠፋች፤ በረኛው ሳይቀር መስክሯል" እያለ ሲያማት የኖረው።

ኡሙሰልማ የፊታውራሪው ፎቅ ቤት ገረድ ነበረች። ፎቁ ከሐይቁ በላይ፣ ጉብታውን ተደግፎ ዛሬም አለ፤ ሰገነቱ ተንጋዷል፣ መስኮቶቹ በሳንቃ ተመትተዋል። አብዮቱ ሲመጣ ገበሬ ማኅበሩ ወርሶ የእህል ማስቀመጫ አደረገው፤ ማጽዳቱ ለአሚናት ደረሳት። ሰው በቀን እንኳ ብቻውን አይገባበትም። ክረምት ክረምት ከምድር ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ሴት ታለቅሳለች ይባላል። አሚናት ጆሮዋን አስጠግታ ሰምታዋለች፤ ከጉብታው የሚወርድ ውሃ ነው። እሷን የሚያስፈራት ሌላ ነው። ሴቶቹ ሐይቁ ዳር ልብስ ሲያጥቡ "የማን ልጅ እንደሆንሽ እናውቃለን" ይሏታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሙታን በስም እየተጠሩ ዱዓ ሲደረግላቸው የእናቷ ስም መዘለሉ ነው። ለኮብላይ ማን ዱዓ ያደርጋል? መሞቷንስ ማን አውቆ?

ዘንድሮ ዝናቡ ሲያባራ ግንበኛው ውበቱ ምድር ቤቱን ሊጠግን መጣ። ከውጭ የለካው ከውስጥ ከለካው ጋር አልገጥም አለው።

"ይህ ቤት አንድ ክፍል ውጧል" አላት እየሳቀ።

ግድግዳውን ቢነድለው ከጀርባው የተናደ አፈር ነው። ከአፈሩ ሥር የሰው አጥንት፣ የበሰበሰ ሰሌንና አንድ መቁጠሪያ ወጣ።

ሰው ሁሉ ፊታውራሪው ያስገደሉት ነው አለ። አሚናት ግን መቁጠሪያውን በሻሿ ቋጥራ፣ ድሮ የፎቁ በረኛ ወደነበሩት ወደ አባ ኑርዬ ሄደች። አምባሰል ልጃቸው ዘንድ ነው የሚጦሩት። ሽማግሌው ፍሬዎቹን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩና አንዷ ላይ ቆሙ። በጠፋችው ፍሬ ፋንታ ከወይራ ጠርበው ለኡሙሰልማ የሰኩላት እርሳቸው ናቸው።

"አባ ኑርዬ፣ ያን ቀን ለፊታውራሪው አዛዥ ምን ነበር ያሉት?"

"የት ሄደች ቢለኝ፣ ወዳጃ ገብታለች አልኩት። ሐሙስ አልነበር? ሰሌኑን ልታነጥፍ ቀድማ ምድር ቤት ገብታ ነበር።"

"አዛዡ ያገር ሰው ነበር?"

"ምን ያገር ሰው! ወዳጃን የት ያውቃታል?"

እኛ ዘንድ ወዳጃ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። ከሩቅ የመጣው አዛዥ ግን "ወዳጅ ጋ ገብታለች" ብሎ ሰማ። ያን ሐሙስ ወዳጃ የሚመጡትን ሌሎቹን ዝናቡ አስቀራቸው፤ ሌሊቱን ጉብታው ምድር ቤቱ ላይ ተናደ። ሴትዮዋ ወዳጇ ቤት ናት ተብሎ አፈሩን የቆፈረ የለም፤ ፎቁ እንዳያዘም ብለው ቶሎ ግንብ አቆሙበት። አባ ኑርዬ በዚያው ማታ የጌታውን በቅሎዎች ነድተው ባቲ ወርደዋል። ሲመለሱ ወዳጅ አግኝታ ሄደች ተባሉ፤ ከወዳጃው ወጥታ የሄደች መሰላቸው፤ ምስክሩ እርሳቸው መሆናቸውን ግን የነገራቸው የለም።

ይህን ሲረዱ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

"እርስዎማ ደህና አድርገው ነው የተናገሩት" አለቻቸው አሚናት። "ይልቅ ይነሡ፤ ዱዓውን የሚመራልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

ባለፈው ሐሙስ ኡሙሰልማ በወጉ ተከፍና ተቀበረች። ማታውን ወዳጃው በአሚናት ቤት ሆነ፤ የእናቷ ስም ከሁሉ ቀድሞ ተጠራ፤ ቤቱ ሙሉ "አሚን" አለ። ከሐይቁ ዳር ሴቶች አንዳቸውም አልቀሩም። አንደኛዋ "እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" ብላ ብትጀምር፣ አሚናት "ጠርጥረሽማ ነበር" አለችና ንፍሮውን አቀበለቻት።

በሉ ልሂድ። የአሚናት ጎረቤት አሰጋሽ "የዚህችን ልጅ እናት ነገር ግለጭልኝ" ብላ ለግሸን ማርያም ስለት ይዛ ሄዳለች፤ መመለሻዋ ዛሬ ነው። ስለቷ ሰምሮ ቀድሟት መግባቱን ሌላ ሰው ሳይነግርብኝ፣ አውቶቡሱ ጋ ልድረስ።